ጃክሰን ሪቻርድሰን፦ ጫማውን ከሰቀለ በኋላም ያልደበዘዘ ዝና

ጃክሰን ሪቻርድሰን በ1969 እ.ኤ.አ. በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ በምትገኘው የፈረንሳይ ግዛት በሬዩኒዮን ደሴት፣ ሳን ፒዬር ከተማ ተወለደ። ለፈረንሳይ የእጅ ኳስ ብሔራዊ ቡድን 417 ጊዜ ተሰልፎ 775 ግቦችን አስቆጥሯል። በዋንጫ ብዛት ከእሱ በኋላ የመጣው ኒኮላ ካራባቲች በእጅጉ ይበልጠዋል። የሪቻርድሰን ተወዳጅነት ግን በዋንጫ የሚመዘን አይደለም።

የመጣበት ጊዜ አንዱ ምክንያት ነው። ፈረንሳይ በ1992 ባርሴሎና ኦሊምፒክ ነሐስ፣ በ1993 የዓለም ሻምፒዮና ብር ካገኘች በኋላ በ1995 አይስላንድ ላይ ክሮኤሺያን 23ለ19 አሸንፋ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በቡድን ስፖርት አገሪቱ ያገኘችው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮንነት ይህ ነው፤ የእግር ኳሱ የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። «ባርጆ» (በፈረንሳይኛ «ቀውሶች» እንደማለት) የሚል ቅጽል የወጣለት የአሰልጣኝ ዳንኤል ኮስታንቲኒ ቡድን በፀጉር አያያዙም በጭፈራውም መነጋገሪያ ነበር። ከመካከላቸው ባለ ረጅም ድሬዱ ሪቻርድሰን የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፤ የዓመቱ የዓለም ምርጥ ተጫዋችም ሆነ።

ፀጉር ብቻውን ግን ይህን ያህል ዘመን ስም አያቆይም። ተመልካች ዓይኑን ከእሱ እንዳይነቅል ያደረገው በመከላከል ጊዜ የሚቆምበት ቦታ ነው። ብዙ ቡድኖች ስድስቱንም ተከላካዮች ከግባቸው ፊት ባለው የ6 ሜትር መስመር ላይ ይደረድራሉ። በ5-1 አሰላለፍ ግን አምስቱ እዚያው ሲቀሩ አንዱ እስከ 9 ሜትሩ መስመርና ከዚያም አልፎ ይወጣል፤ ያ ብቸኛ ሰው ሪቻርድሰን ነበር። ሥራው ሰው ከመያዝ ይልቅ የቅብብሉን መንገድ ማበላሸት ነው። ወደ አንድ ወገን የሚሄድ መስሎ ሌላውን ክፍት ያስመስላል፤ ኳሱ ከአቀባዩ እጅ ሲወጣ ይጠልፈዋል፤ ሜዳው 40 ሜትር ስለሆነ ከዚያ እስከ ተጋጣሚው ግብ 30 ሜትር ያህል ሩጫ ብቻ ይቀረዋል።

አሰላለፉ የሚያስከፍለው ዋጋም አለ። ፊት የወጣው ተከላካይ ከቸኮለና ከታለፈ የቀሩት አምስቱ እርስ በርስ ይራራቃሉ፤ በመካከላቸው የቆመው የተጋጣሚ አጥቂ (ፒቮት የሚባለው) ብቻውን ከበረኛው ጋር ይፋጠጣል። ስለዚህ ቦታው ከጉልበት ይልቅ የአቀባዩን ትከሻና የእጅ አንጓ ማንበብን ይጠይቃል። በማጥቃትም የቡድኑ ጨዋታ አቀጣጣይ ነበር፤ ወደ አንዱ እያየ ለሌላው የሚያቀብለው ኳስ እስካሁን ይወራለታል።

በክለብ ደረጃ ከማርሴይ-ቪትሮል ጋር በ1993 የአሸናፊዎች አሸናፊ ዋንጫን፣ ከስፔኑ ሳን አንቶኒዮ ጋር በ2001 ሻምፒዮንስ ሊግን አንስቷል። በዚያው በ2001 ፈረንሳይ ፓሪስ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ በጭማሪ ሰዓት ስዊድንን 28ለ25 ስትረታም ነበረበት። በ2004 አቴንስ ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ እንዲገባ የተመረጠው እሱ ነው፤ ለደሴት ልጅ፣ ለዚያውም ለእጅ ኳስ ተጫዋች፣ ይህ ቀላል ክብር አይደለም። በ2005 ቱኒዚያ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አግኝቶ ብሔራዊ ቡድኑን ተሰናበተ።

ስሙን ዛሬ በሜዳ የሚያስጠራው ልጁ ሜልቪን ነው። በ2018 ከሞንፔሊዬ ጋር ሻምፒዮንስ ሊግን፣ ቀጥሎም በቶኪዮ ኦሊምፒክ አባቱ ያላገኘውን ወርቅ ወስዷል። ሁለቱን ማወዳደር የተለመደ ነው፤ ሆኖም ሜልቪን ከቀኝ በኩል የሚያጠቃ ግራኝ በመሆኑ ንጽጽሩ ብዙም አያስኬድም።