«ሆዴን ባር ባር አለኝ» የሚሉ ሰዎች ቢሮ

በ1967 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ለንደን ውስጥ አንድ እንግዳ ቢሮ ሥራ ጀመረ። ክፉ ሕልም ያየ፣ ሆዱን ባር ባር ያለው፣ «የሆነ ነገር ሊመጣ ነው» ብሎ የፈራ ሁሉ እንዲያሳውቅ ተጋበዘ። ቢሮው የኢቭኒንግ ስታንዳርድ ጋዜጣ ነበር። ሐሳቡን ያመጣው የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጆን ባርከር ሲሆን፣ የጋዜጣው የሳይንስ ዘጋቢ ፒተር ፌርሊ አብሮት ሠራ።

መነሻው አበርፋን ነው። ኦክቶበር 21፣ 1966 ጠዋት፣ በዚህች የደቡብ ዌልስ መንደር ከከሰል ማዕድን የወጣ የድንጋይና የአፈር ክምር ተንዶ ትምህርት ቤት ላይ ወረደ። 144 ሰው ሞተ። 116ቱ ልጆች ናቸው። ባርከር በማግስቱ እዚያ ሄዶ፣ አደጋው አስቀድሞ ታይቷቸው ነበር ስለሚባሉ ሰዎች ሰማ። በጋዜጣው ጥሪ ሲያወጣ 76 ሰዎች ጻፉለት።

ግን ሁሉም የጻፉት ከአደጋው በኋላ ነው። ከሆነ በኋላማ ማን «አውቄ ነበር» አይልም? ስለዚህ ትንቢቱን አስቀድሞ መመዝገብ፣ ከዚያ ከዜናው ጋር ማመሳከር ያስፈልግ ነበር፤ ቢሮው የተከፈተው ለዚህ ነው። ውጤቱ ከ11 ይታረም ነበር፤ ለየት ላለ ትንቢት 5፣ ለትክክለኛነቱ 5፣ ለጊዜው 1 ነጥብ።

በ15 ወር 723 ትንቢት ተሰበሰበ። ሰመረ የተባለው 18 ብቻ ነው። ከነዚህ 12ቱ የሁለት ሰዎች ናቸው፦ የስልክ ኦፕሬተሩ አለን ሄንቸርና የሙዚቃ አስተማሪዋ ሎርና ሚድልተን። ሄንቸር በ1967 አውሮፕላን ተከስክሶ ከ120 በላይ ሰው እንደሚሞት ተናገረ። በኤፕሪል ኒኮሲያ አጠገብ አውሮፕላን ወድቆ 126 ሰው አለቀ። ይህን ሰምቶ አለመደንገጥ ይከብዳል። ያልሰመሩትን 705 ግን ማንም አያወራቸውም።

እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። አበርፋን ላይ ሕልም የማያስፈልገው ማስጠንቀቂያ ነበር። የአካባቢው ምክር ቤት ሰዎች በ1963 ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ክምር እንደሚያሰጋቸው ማዕድኑን ያስተዳድር ለነበረው የመንግሥት የከሰል ቦርድ ጽፈዋል። ክምሩ ከሥሩ የውኃ ምንጭ ነበረው። የሰማ የለም። አደጋውን ያጣራው ጉባኤ በ1967 ጥፋቱን በቦርዱ ላይ ጣለ።

ባርከር በዚያው ሰሞን ሌላም ነገር ያጠና ነበር፤ «ትሞታለህ» ተብለው በፍርሃት የሚሞቱ ሰዎችን። ታዲያ ሄንቸርና ሚድልተን በራሱ በባርከር ላይ አሟረቱ፤ ሕይወትህ አደጋ ላይ ነው አሉት። እኛ ጋ ቢሆን «አታሟርቱብኝ» ብሎ ያባርራቸው ነበር። እሱ ግን መዘገበው። ኦገስት 1968 በ44 ዓመቱ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ሞተ። ፍርሃት ገደለው ለማለት የሚያስደፍር ማስረጃ የለም።