«የልጅ ጉሮሮ ምን ይሆናል?» ስለ ልጆች ድምፅ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ ከፈተችልኝ። ልጅቷ ሳሎን መሀል ቆማ የአንድ አንጋፋ ዘፋኝ ትዝታ ትጫወታለች፤ ድምፁ ቤቱን ሞልቶታል። ከሥሩ አስተያየቱ ተደርድሯል፦ «የትልቅ ሰው ድምፅ እኮ ነው!»፣ «ተአምር ናት!»። እኔ ዓይኔ የተተከለው አንገቷ ላይ ነበር። አገጯ ወደ ጣሪያ ተቀስሯል፣ አየር በሳበች ቁጥር ትከሻዋ ጆሮዋ ሥር ይደርሳል፣ የአንገቷ ሥር ተገትሮ እርሳስ አክሏል። ቪዲዮው ሲያልቅ «ስምሽ ማነው?» አልኳት። የመለሰችልኝ በሻከረ ድምፅ ነው። እናትየው ቀደም ብላ «ትንሽ ጉንፋን ነገር ይዟት ነው መምህር» አለችኝ። ከመቼ ጀምሮ? «ከፋሲካ ወዲህ።»

ልጆችን መዝሙር ሳለማምድ ዓመታት አልፈዋል፤ ከወላጅም፣ ከአሠልጣኝም፣ ከራሴም አፍ ሲወጡ የሰማኋቸውን አባባሎች እዚህ ላንሣ። ልጆች ይዝፈኑ፣ ይዘምሩ። የምጣላው የአዋቂ ድምፅ ከማዋስ ጋር ነው።

«የልጅ ጉሮሮ ጎማ ነው፤ ቢለጠጥም ይመለሳል»

የድምፅ አውታር የምንላቸው ማንቁርት ውስጥ ያሉ ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች ናቸው። አራስ ልጅ ላይ ርዝመታቸው 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። አዋቂ ሴት ላይ 15፣ ወንድ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። ግን ልጅ ማለት አጭር አውታር ያለው አዋቂ ማለት አይደለም፤ ሥሪቱም ሌላ ነው። የአዋቂው አውታር ድርብርብ ነው፦ ከላይ ስስ ሽፋን፣ ከሥሩ እንደ ተልባ ውኃ ልጥልጥ ያለ ክፍል፣ ቀጥሎ ጠንካራ ጅማት፣ ከሁሉም በታች ጡንቻ። ከፍ ያለ ዜማ ሲወጣ ውጥረቱን የሚሸከመው ያ ጅማት ነው። አራስ ላይ ጅማቱ ጭራሽ የለም። ከ1 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ መታየት ይጀምራል፣ ሙሉ ቅርጹን የሚይዘው ግን ጉርምስና ሲያልፍ ነው። የ9 ዓመት ልጅ በሙሉ ኃይሏ ላይኛውን ዜማ ይዛ ስትቆይ፣ ገና ተገምዶ ባላለቀ ገመድ ላይ ጭነት እየሰቀልን ነው።

አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ ልጅ ቶሎ ያገግማል። እሑድ ኳስ ሜዳ ሲጮህ ውሎ ድምፁ የተዘጋ ልጅ እስከ ረቡዕ ይስተካከላል። ሰኞ ልምምድ፣ ማክሰኞ ቀረጻ፣ ረቡዕ ደግሞ የትምህርት ቤት ዝግጅት ካለበት ግን በየት በኩል ያገግም?

«ድምፅ እንደ ጡንቻ ነው፤ በሠራ ቁጥር ይጠነክራል»

ቅዱስ ያሬድ ትምህርት እንቢ ብሎት ሲሸሽ፣ ትል ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግማ ስትወድቅና በመጨረሻ ሲሳካላት አይቶ መመለሱ ይተረካል። እኔም ይህን ያልነገርኩት ልጅ የለም። ትሏ ያስተማረችው ግን ትዕግሥትን ነው፤ ጉሮሮ መደብደብን አላስተማረችም።

ሁለቱ አውታሮች የሚሠሩት እንደ ጭብጨባ ነው፤ አየር ከሥር ሲገፋቸው ይከፈታሉ፣ ተመልሰው ይጋጫሉ። አንድ ልጅ ሙዚቀኞች መሣሪያ የሚቃኙበትን «ላ» ሲይዝ በሰከንድ 440 ጊዜ ያጨበጭባሉ፤ በደቂቃ 26,400 ማለት ነው። ጭብጨባው ለስላሳ ከሆነ ችግር የለውም። በጩኸት ሲሆን ግን ግጭቱ የሚበረታበት ቦታ መጀመሪያ ያብጣል፣ ካላረፈ ደግሞ ይጠጥራል። ዶማ የያዘ እጅ መጅ እንደሚያወጣ አውታሩም መጅ ያወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ላይ፣ ፊት ለፊት። መጅ ለገበሬ ጋሻው ነው። አውታር ላይ ሲበቅል ግን ሁለቱ እንዳይገጥሙ ያደርጋል። በክፍተቱ አየር ያመልጣል፣ ድምፁ ይሻክራል፤ ልጁ ክፍተቱን ለመዝጋት አብልጦ ይገፋል፣ መጁም አብልጦ ይጠጥራል። ልጆች ላይ ለወራት የሚቆይ መሻከር ሲታይ ዋነኛው ምክንያት ይኸው ነው። ከጉርምስና በፊት ወንዶቹ ላይ ይበዛል፤ በእረፍት ሰዓት የትምህርት ቤት ግቢ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

መጅ ነው ማለት ቢላዋ ነው ማለት አይደለም። ልጆች ላይ ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ የሚቀድመው የአነጋገርና የአተነፋፈስ ልማድ ማስተካከል ነው፤ ብዙዎቹም በጉርምስና ጊዜ እየሟሸሹ ይጠፋሉ። በሌላ በኩል መሻከር ሁሉ መጅ አይደለም። ቫይረስ የሚያመጣው፣ ኪንታሮት የሚመስል እባጭም ማንቁርት ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከ3 ወይም 4 ሳምንት ያለፈ መሻከር የአንገት በላይ ሐኪም በቀጭን ካሜራ ሊያየው ይገባል። ትንፋሹ የሚያፏጭ ወይም የሚያጥረው ልጅ ደግሞ የዚያኑ ቀን ይሂድ።

«ካላመመው አልተጎዳም»

አውታሮቹ ሲጎዱ እንደ ተቆረጠ ጣት አይጮኹም። ድምፃቸው እየጠፋ «ምንም አላመመኝም» የሚሉ ልጆች አይዋሹም። ሕመሙን አትጠብቁ፤ ጠዋት ሲነሣ የሚሻክር፣ በፊት በቀላሉ ያወጣው የነበረውን ቀጭን ድምፅ ያጣ፣ ዜማ መሀል ድምፁ እልም የሚልበት፣ ቶሎ ቶሎ ጉሮሮውን የሚጠርግ ልጅ ምልክቱን እየሰጠ ነው። እኔ የምጠቀምበት ቀላል መንገድ «መልካም ልደት»ን በጣም ቀጭን አድርጎ፣ በጣም በቀስታ እንዲዘምር መጠየቅ ነው። ያበጠ አውታር ጮክ ማለት ይችላል፤ ቀጭንና ዝግ ያለ ድምፅ ግን እንቢ ይለዋል።

«ድምፅ የሚለወጠው ወንድ ልጅ ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ጠንከር ካለ ያልፈዋል»

እዚህ ላይ ከሰው ይልቅ ራሴን ነው የምወቅሰው። ለገና በዓል ስንዘጋጅ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ነበረኝ፤ ላይኛውን ድምፅ የሚይዝልኝ፣ ሌሎቹ ሲጠፋባቸው እሱን የሚሰሙት። አንድ ቅዳሜ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ላይኛው አልወጣ አለኝ» አለኝ። በዓሉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። «አልተዘጋጀህም፤ ሆድህን ጠበቅ አድርገህ ግፋው» አልኩት። ገፋው። መሀል ላይ ድምፁ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ እንደ ጎረምሳ አውራ ዶሮ። ሠላሳ ልጅ ሳቀ፣ እኔም ፈገግ ሳልል አልቀረሁም። በሳምንቱ አልመጣም። በሌላውም ሳምንት።

ያልገባኝ ነገር፣ ልጁ በዚያ ጊዜ የያዘው ጉሮሮ ከስድስት ወር በፊት ከነበረው ጋር አንድ አለመሆኑ ነው። በጉርምስና የወንዱ አውታር ርዝመቱ ከ60 በመቶ በላይ ይጨምራል፤ ድምፁም አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዱ «ዶ» እስከ ታችኛው «ዶ» ያህል ይወርዳል። አንጎሉ የሚያዘው ገና በድሮው ልክ ነው። አዲስ ጫማ ሲገዙለት ደረጃ ላይ የሚደናቀፍ ልጅ አይታችሁ ታውቁ የለ? እንደዚያ ነው። መፍትሔው ዝም ማሰኘት አይደለም። ዝቅ ያለ፣ አምስት ስድስት ኖታ የማያልፍ ድርሻ ሰጥቶ በለሆሳስ ማስቀጠል ነው። በየወሩም «አሁን የት ድረስ ይወጣልሃል?» ብሎ መጠየቅ።

የሴቷም ይለወጣል። አውታሯ በሲሶ ያህል ይረዝማል፣ ድምፅዋ ጥቂት ኖታ ይወርዳል፣ ለአንድ ሁለት ዓመት ትንፋሽ የተቀላቀለበት፣ ጭስ ጭስ የሚል ይሆናል። ምክንያቱ አውታሮቹ ከኋላ በኩል ለጊዜው አለመግጠማቸው ነው። ለውጡ እንደ ወንዱ ስለማያስቅ ማንም አያስተውለውም፤ «ሰነፍሽ» ይሏታል፣ እሷም ትጮኻለች።

የሚለወጥበት ዕድሜም ድሮና ዘንድሮ አንድ አይደለም። ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሴፍ ሃይድን ከቪየና ካቴድራል መዘምራን የተባረረው በ1749 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዕድሜው 17 ነበር፤ ድምፁ የተሰበረው በዚያ ዕድሜ አካባቢ ነው። የዛሬ ልጆች 12 እና 13 ላይ ይጀምራቸዋል። የድሮ አሠልጣኝ ያወረሰንን ዕድሜ ይዘን የዛሬን ልጅ መለካት አይሆንም።

«ድምፅ ሲደክም በልምምድ ነው የሚመለሰው»

የስዊድናዊቷን ዘፋኝ የጄኒ ሊንድን ታሪክ ለዚህ ነው የምወደው። በ1820 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ተወለደች፣ በ9 ዓመቷ የንጉሣዊው ቴአትር ትምህርት ቤት ገባች፣ ከ10 ዓመቷ ጀምሮ መድረክ ላይ ናት። ሃያ ሲሆናት ስዊድን ውስጥ የማያውቃት የለም፣ ድምፅዋ ግን አልቋል። በ1841 ፓሪስ ሄዳ ማኑኤል ጋርሲያ የተባለው የዘፈን መምህር ፊት ዘፈነች። የሰጣት ፍርድ አስለቃሽ ነበር፤ ድምፅ የለሽም አላት። ለሳምንታት መዝፈን ከልክሏት፣ ንግግርም እንድትቀንስ አዝዟት መለሳት። ካረፈች በኋላ ነው ማስተማር የጀመረው፤ ለአሥር ወር ገደማ፣ ከመሠረቱ። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ዝነኛ ሆነች፣ በ1850 ደግሞ አሜሪካን ዞራ ዘፈነች።

ጋርሲያ ነገሩን ከራሱ ያውቀዋል። አባቱ ታዋቂ ዘፋኝና መምህር ነበር፤ ልጁን በ20 ዓመቱ ኒው ዮርክ ወስዶ ኦፔራ አዘፍኖታል። ድምፁ አልችል ብሎት ገና በወጣትነቱ ከመድረክ ወረደ። ኋላ በ1854 ትንሽ የጥርስ ሐኪም መስታወት ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ፣ በፀሐይ ብርሃን የራሱን አውታሮች ሲንቀሳቀሱ ተመለከተ። ዛሬ ሐኪሞች ማንቁርት የሚያዩበት ዘዴ ከዚያ የወጣ ነው።

«ማይክ ስላለ አይደክማትም»

ማይክ የሚረዳው ራሷን ስትሰማ ነው። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲሆን ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባርድ በ1911 እ.ኤ.አ. ጽፎ ያሳወቀው ይህን ነው። እኛ ጋ ደግሞ ኪቦርዱና ስፒከሩ ግድግዳ ያነቃንቃል፣ የራሳቸውን ድምፅ የሚያሰማቸው፣ ወደ ልጆቹ የዞረ ስፒከር (ሞኒተር) የለም፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ካሴቱ ላይ ባለው ኪይ፣ ማለትም በዋናው ዘፋኝ የድምፅ ከፍታ ይጀምራል። ዜማውን እንዳለ ከፍ ወይም ዝቅ የምታደርገውን፣ ትራንስፖዝ የምትባለዋን ቁልፍ መንካት ነውር የሚመስለው ተጫዋች ብዙ ነው። ከማንኛውም የጉሮሮ መድኃኒት ያቺ ቁልፍ ትበልጣለች።

«ዝንጅብል በማር፣ ካልሆነም ጥሬ እንቁላል»

የሚዋጥ ነገር የሚሄደው በምግብ ቧንቧ ነው፤ አውታሮቹ ያሉት በአየር መንገድ ላይ ነው። አውታር የነካ ዝንጅብል ካለ ልጁ ትን ብሎታል ማለት ነው። ሞቅ ያለ መጠጥ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ውኃ መጠጣት ሰውነትን ያርሳል፤ በዚህ ላይ ጠብ የለኝም። ጥሬ እንቁላሉ ግን ከሆድ ሕመም ሌላ የሚያተርፈው የለም፣ የፈላ ውኃ ላይ አስጎንብሶ ማጠንም ልጅ ያቃጥላል። የሚያቀዘቅዘው ከረሜላ ስሜቱን አደንዝዞ ልጁን መልሶ ያስጮኸዋል። ማንሾካሾክም እረፍት አይደለም፤ ብዙ ሰው ሲያንሾካሹክ ማንቁርቱን ይጨምቃል። እረፍት ማለት ዝም ማለት፣ ወይም በለስላሳ ድምፅ ጥቂት መናገር ነው።

«እነ ጥላሁን በልጅነታቸው አልዘፈኑም?»

ዘፍነዋል። ጥላሁን ገሠሠ ወሊሶ ተማሪ ሳለ ነው ዘፈን የጀመረው። ግን የምንቆጥረው የደረሱትን ብቻ ነው፤ በ15 ዓመታቸው ድምፃቸው ጠፍቶ ሌላ ሥራ የያዙትን ማን ስማቸውን ይዞ? ደግሞ ያኔ ልጅ የሚዘፍነው ክፍል ፊት ቆሞ ነው። ዛሬ አንድ ልጅ ለአንድ ቪዲዮ ሃያ ጊዜ ይደግማል፣ በጣም የጮኸው ተመርጦ ይለጠፋል።

«እንግዲያው 16 እስኪሞላት ትምህርት የሚባል አይነካካት»

ይህ ደግሞ በሌላ በኩል መውደቅ ነው። ልጅ ሳይማርም ይዘፍናል፤ የሚቀረው የሚያርመው ሰው ብቻ ነው። በአጭር ጊዜ፣ በቀላል ዜማ፣ በራሷ ልክ ከሆነ 7 ዓመትም አይፈጥንም።

ያቺን ልጅ አስቀድሜ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ላክኋት። መጀመር ላይ ያለ እብጠት ነበር። በመስከረም መጨረሻ ተመልሰው መጡ፤ «ስምሽ ማነው?» ስላት አሁን ጥርት ብሎ መለሰችልኝ። ያቺኑ ትዝታ ከፈትን። ኪቦርዱን ሦስት ግማሽ ድምፅ አወረድኩትና «ታናሽ ወንድምሽን እሹሩሩ ስትዪው እንደምትዘፍኚው አድርጊልኝ» አልኳት። አገጯ ወረደ፣ ትከሻዋ ቦታው ላይ ቀረ። ድምፅዋ ትንሽ ነበር፣ እንደ ክር ቀጥ ያለ። እናትየው ስልኳን ይዛ ቀረጻ ሳትጀምር ቀረችና፣ ቅር እንዳላት ሳትደብቅ፣

«መምህር፣ አሁን እኮ ልጅ ልጅ አለ» አለችኝ።

«ዘጠኝ ዓመቷ ነው» አልኳት።