ቀይዋ የባትሪ መብራት ምን እያለች ነው?

ዳሽቦርድ ላይ ባትሪ የምትመስለው ቀይ መብራት ስትበራ ብዙ ሰው «ባትሪው ሞቷል» ብሎ አዲስ ለመግዛት ይሮጣል። እኔም ሮጫለሁ። ባሕር ዳር አንድ ጋራዥ አዲስ ባትሪ ገጠመልኝ፤ በማግስቱ ወደ ወረታ ስወጣ መብራቷ እዚያው ናት።

መብራቷ የምትለው «ባትሪው እየተሞላ አይደለም» ነው። ሞተሪኖውን አዙሮ ሞተሩን የሚያስነሳው ባትሪው ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ግን ፋኖሱንም ሬዲዮውንም የሚመግበው፣ ባትሪውንም መልሶ የሚሞላው ዲናሞው ነው። እሱ ሲያቆም መኪናው ባትሪው ውስጥ በቀረው ስንቅ ብቻ ይሄዳል፤ ስንቁ ሲያልቅ ይቆማል፣ ዕድል ከጠመመ ዓባይ ድልድይ ላይ።

ጥፋቱ የባትሪው ይሁን የዲናሞው ለመለየት ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይበቃል። ሞተር ጠፍቶ፣ መኪናው ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ፣ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተር ሲነሳ በአብዛኛው ከ13.5 እስከ 14.5 ይደርሳል። ተነስቶም 12 ላይ ከቀረ ጥፋቱን ከባትሪው ውጪ ፈልጉ። (ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ «እስቲ እንየው» የሚላችሁን መካኒክ አትፍቀዱለት፤ የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል።)

መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍታችሁ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) እዩ። ከተበጠሰ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ፤ በብዙ መኪኖች ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውኃ ፓምፕም የሚያዞረው እሱ ነው። ቺንጋው ደህና ከሆነ ቀጥሎ ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደው ገመድ፣ ከዚያ የዲናሞው ካርቦን (ውስጡ እየተፋቀ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ቁራጭ) ይታያል።

የእኔ ካርቦኑ ነበር፤ ተበልቶ ጥፍር አክሏል። የባትሪው ደረሰኝ አሁንም መኪናው ኪስ ውስጥ አለ።