የአጥንት መሳሳት ምልክቶች፦ መሃል አዲስ አበባ ላይ ሲታዩ

ሐኪሞች ኦስቲዮፖሮሲስ የሚሉት የአጥንት መሳሳት፣ አጥንት ጥንካሬውን አጥቶ በቀላሉ እንዲሰበር የሚያደርግ ችግር ነው። ክፋቱ ሲሳሳ አለማመሙ ነው። ጉልበትና ጣት ላይ የሚሰማው ቁርጥማት አብዛኛውን ጊዜ የመገጣጠሚያ ሕመም እንጂ ይህ አይደለም።

ከፒያሳ እስከ ልደታ እናቶች ወገባቸውን ሲያማቸው መጀመሪያ የሚወቀሰው ብርድ ነው፤ ቀጥሎ ኩላሊት፣ ከዚያ እርጅና። በዚህ መሃል የተሰበረ የጀርባ አጥንት ሳይታይ ያልፋል። ከጀርባ አጥንት ስብራቶች ከ3ቱ 2ቱ ያህሉ በጊዜው አይታወቁም። ለመሰበር የግድ መውደቅ አያስፈልግም። ሙሉ ጄሪካን ማንሳት፣ አንዳንዴም ታክሲው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ መንገጫገጭ ይበቃል። ድንገት የጀመረ፣ ሲቆሙ የሚብስና ሲተኙ ቀለል የሚል የጀርባ ሕመም ያስጠረጥራል። እንዲህ ያለውን ጀርባ ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸት አደገኛ ነው። ኤክስሬይ ይቅደም።

በእኔ እምነት ቤት ውስጥ ከሚታዩት ምልክቶች ዋናው ቁመት ነው። ከወጣትነት ቁመት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከቀነሰ ሐኪም ማየት አለበት። ድሮ ልክ የነበረው የሐበሻ ቀሚስ መሬት መጥረግ ከጀመረ ዝም ብሎ ማሳጠር ብቻ አይበቃም። ሌላም ቀላል መለኪያ አለ። ተረከዝንና ጀርባን ግድግዳ አስደግፈው ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጭንቅላት ግድግዳውን ካልነካ፣ ጀርባ እየጎበጠ ሊሆን ይችላል።

የእጅ አንጓ ስብራት ደግሞ በጣም የሚረሳ ምልክት ነው። በክረምት ጭቃ አንሸራትቷቸው እጃቸውን ዘርግተው የወደቁ የ55 ዓመት ሴት ጄሶ ይታሰርላቸዋል፣ ይድናሉ፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ማብቃት ግን አልነበረበትም። ከ50 ዓመት በኋላ ከቆሙበት ወድቀው መሰበር ራሱ ለምርመራ በቂ ምክንያት ነው። ቀጣዩ ስብራት ዳሌ ላይ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ብዙ አረጋውያንን አልጋ ላይ ያስቀራል።

የወር አበባቸው ከ45 ዓመት በፊት የቆመ፣ ለአስምና ለመሳሰሉት ሕመሞች የሚታዘዘውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ የስቴሮይድ መድኃኒት 3 ወርና ከዚያ በላይ የወሰዱ፣ በጣም ቀጫጭኖች፣ አጫሾች፣ እናት ወይም አባታቸው ዳሌያቸው የተሰበረ፣ ሁሉም ይበልጥ ይጋለጣሉ። ወንዶችም አይቀርላቸውም።

ኤክስሬይ ስብራትን ያሳያል። መሳሳቱን ግን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ የአጥንቱ ማዕድን 30 በመቶ ያህል ካለቀ በኋላ ነው። «ኤክስሬዩ ደህና ነው» መባል ነጻ አያደርግም። ትክክለኛው መለኪያ ዴክሳ የሚባለው የአጥንት ጥግግት ምርመራ ነው፤ የሰውየውን አጥንት ከጤናማ ወጣት አጥንት ጋር የሚያነጻጽረው ውጤት፣ ቲ-ስኮሩ፣ ከዜሮ በታች 2.5 ወይም ከዚያም በታች ከወረደ ኦስቲዮፖሮሲስ ይባላል። መሣሪያው በየክሊኒኩ አይገኝም። ስለዚህ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ወዳለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሆነ ወደ ሌላ የአጥንት ሐኪም የሚሄድ ሰው ሦስት ነገር ሳይጠየቅ ይንገር፦ የቁመቱን መቀነስ፣ የድሮ ስብራቱን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች።