ከተራራ አፋፍ ላይ ኒውትሪኖን ማደን

ኒውትሪኖ የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው ኢምንት ቅንጣት ነው። ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ በሚጠጣ ሰው ጥፍር ውስጥ በየሰከንዱ ቢሊዮኖች ያልፋሉ፤ ምንጫቸው ፀሐይ ናት። የፋሲል ግንብም የስሜን ተራራም አያግዳቸውም። ሌሊትም ቢሆን ያው ነው፤ ምድርን ከሥር ሰንጥቀው ይመጣሉ።

ከሩቅ ጋላክሲዎች የሚነሱ፣ ጉልበታቸው ከፀሐይ ከሚመጡት በቢሊዮን እጥፍ የሚበልጥ ኒውትሪኖዎችም አሉ። በደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ 5,160 የብርሃን ጠቋሚዎች የተቀበሩለት አይስኪውብ የተባለው የኒውትሪኖ መመልከቻ መኖራቸውን ያበሰረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ጉልበታቸው በጨመረ ቁጥር ግን ቁጥራቸው ይመናመናል። ያኔ የአይስኪውብ አንድ ኪሎ ሜትር ኩብ በረዶም ያንሳል።

ስለዚህ ተራራውንና መሬቱን ራሱን ወጥመድ ማድረግ ነው። ብልሃቱ ደስ ይላል። እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው ኒውትሪኖ ምድርን ከጫፍ ጫፍ መሰንጠቅ ያቅተዋል። ከአድማስ ትንሽ ዝቅ ብሎ የምድርን ቅርፊት ታክኮ ሲያልፍ ግን የመውጣት ዕድል አለ። ታው የተባለው የኒውትሪኖ ዓይነት ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ታው ሌፕተን የሚባል ቅንጣት ይፈጠራል። ይህ ቅንጣት ባለበት ቢቆም ኖሮ ዕድሜው የሰከንድ ትሪሊዮንኛም አይሞላም ነበር። ፍጥነቱ ግን ዕድሜውን ስለሚያረዝምለት ኪሎ ሜትሮችን ሊጓዝ ይችላል። ከድንጋዩ ወጥቶ አየር ላይ ሲፈርስ የቅንጣቶች ዶፍ ይለቃል፤ ዶፉም ቼረንኮቭ የሚባል ብልጭታ ይፈነጥቃል። ብልጭታው ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ስለሆነ ፈጣን ካሜራ ይፈልጋል።

አሜሪካ ዩታ ውስጥ ትሪኒቲ የተባለው ፕሮጀክት ከፍሪስኮ ተራራ ላይ በሙከራ ቴሌስኮፕ አድማሱን ይቃኛል። በስፔኗ ላ ፓልማ ደሴት ያሉት ማጂክ ቴሌስኮፖችም ወደ ባሕሩ ዞረው ሞክረውታል።

በጎንደር እንዲህ ያለ ቴሌስኮፕ የለም። ቦታው ግን ያስቋምጣል። ከደባርቅ አለፍ ብሎ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ቆላው ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ያያል። ስሜን ውስጥ ገደሉ እስከ 1,500 ሜትር ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ አለ። ቴሌስኮፑ የሚፈልገው ይህን ነው፦ ከፍታ፣ ወደ ታች ሰፊ እይታ፣ ድቅድቅ ጨለማ።

ፈተናው ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉም አፋፉን ይውጠዋል፤ ቴሌስኮፑ ደግሞ የሚሠራው ጨረቃ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ብቻ ነው። የስሜን ብሔራዊ ፓርክም ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ስለሆነ ግንባታው ከፓርኩ ወሰን ውጭ መሆን አለበት። የበጋውን ሌሊት ጥራትና የቆላውን ጭጋግ መለካት ግን ዛሬም ይቻላል። ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል።