አርባ ልጆች፦ ከእየሩሳሌም አዲስ አበባ የገቡት የአርመን ስደተኛ ልጆች

አርባ ልጆች የሚባሉት በ1916 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1924) አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ከእየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው 40 የአርመን ልጆች ናቸው። ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ወላጅ አልባ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 በኦቶማን ቱርክ ከጀመረው የአርመኖች ጭፍጨፋ የተረፉ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሳቸው ከሙዚቃ ጋር ነው፣ የሀገሪቱ የመጀመሪያው ኦፊሻል ኦርኬስትራ ምናምን እየተባለ፣ ልክ ነው እሱም፣ ግን ከሙዚቀኛነታቸው በፊት ቤታቸው የፈረሰባቸው ህጻናት እንደነበሩ ይረሳል።

በጭፍጨፋው ጊዜ ብዙው ህዝብ በእግሩ ወደ ሶሪያ በረሃ ተነዳ፣ መንገድ ላይ ያለቀው አለቀ፣ የተረፉት ልጆች ደግሞ ሶሪያ ሊባኖስና ፍልስጤም ውስጥ ባሉ ማሳደጊያዎች ተበተኑ። እየሩሳሌም ያለው የቅዱስ ያዕቆብ የአርመን ገዳም ብዙዎቹን አስጠግቷል። ገዳሙ አብልቶ አስተኝቶ ብቻ አልተወም፣ ልጆቹ መለከት ምናምን መንፋት ተምረው የራሳቸው ባንድ ነበራቸው። እናቱን በረሃ ላይ ላጣ ልጅ ጥሩምባ መስጠት ለብዙ ሰው ቅንጦት ሊመስል ይችላል፣ በኋላ የሆነው ሁሉ የመጣው ግን ከዚች ነገር ነው።

ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ መጀመሪያ እየሩሳሌምን ሊሳለሙ ጎራ አሉ፣ ገዳሙንም ጎበኙ፣ ልጆቹም ተጫወቱላቸው። እሳቸውም ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው 40ዎቹን ልውሰዳቸው አሉ። ያው እውነቱን ለመናገር ርህራሄ ብቻ አልነበረም፣ ዘመናዊ የቤተመንግስት ባንድም ይፈልጉ ነበር፣ ከአድዋ በኋላ የሩሲያው ንጉስ የሙዚቃ መሳሪያ ከላከ ጀምሮ እዚህ የነሐስ ባንድ ነገር ተጀምሮ ነበር። አንዳንዱ ይሄን ሰምቶ ታዲያ ምኑ ደግነት ነው ይላል። እኔ አይመስለኝም፣ ልጆቹ የመጡት ስራ ይዘው ነው፣ ደሞዝ አላቸው፣ የሚጠብቃቸው ሰው አለ፣ ስደተኛን በየቀኑ አይዞህ ከማለት ይሄ ሳይሻል አይቀርም።

ደግሞ በሁለቱ ህዝቦች መሀል የቆየ ውለታ ነበር። እየሩሳሌም ያሉ የኛ መነኮሳት በችግር ጊዜ ለረጅም ዘመን ከአርመኖቹ ገዳም ምግብ እየተሰጣቸው ነው የኖሩት። ራስ ተፈሪ ይሄን አስበው ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን ያንን ሁሉ ዘመን እንጀራ ያካፈለ ቤት ነው ልጆቹን ያሳደገው።

ልጆቹ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 አዲስ አበባ ገቡ፣ አዲስ አመት ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፣ እሱም የአይንታብ (አሁን ቱርክ ውስጥ ያለች ከተማ) ሰው፣ አርመን። ከተማው ላይ ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ የኖሩ አርመኖች ነበሩ፣ ነጋዴው፣ ወርቅ ሰሪው፣ የቤተመንግስት ፎቶ አንሺዎቹ የቦያጂያን ቤተሰቦች፣ ስለዚህ ልጆቹ ቋንቋቸውን የሚናገር ሰው አላጡም። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ሰው ሀገር የሄደ ያውቀዋል።

ከዛ ናልባንዲያን ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ የሚለውን መዝሙር ዜማ ሰራ፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ተሰማ። እንግዲህ እስከ አብዮቱ ድረስ ተማሪ ሁሉ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል የዘመረው ዜማ ሀገር ያጣ ሰው የሰራው ነው። አርባዎቹ ራሳቸው ግን ሁሉም አልቆዩም፣ ከጥቂት አመታት በኋላ ግማሾቹ ወደ ሌላ ሀገር ሄዱ፣ ግማሾቹ ቀሩ።

የሚገርመው፣ በሚያዝያ 1928 ጣልያን አዲስ አበባን ሊይዝ ሲል ንጉሱ ራሳቸው ተሰደዱ፣ መጀመሪያ ያረፉትም እየሩሳሌም ነው፣ ልጆቹን ካገኙ ከ12 አመት በኋላ፣ ከዛ ወደ እንግሊዝ።

የኬቮርክ የወንድም ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያንም በኋላ መጥቶ እዚሁ ኖረ፣ መዘምራን አሰለጠነ፣ የአሁኑ ብሔራዊ ቴያትር ውስጥ ሰራ፣ የኛን ዜማ ለትልቅ ባንድ እንዲሆን አድርጎ ማቀናበር ላይ ብዙ ደክሟል። ያ ትውልድ ካሰለጠናቸው መሀል በኋላ ራሳቸው አስተማሪና አቀናባሪ የሆኑ አሉ፣ የስድሳዎቹን ዘፈን ስንሰማ ከኋላ ያለው ጥሩምባ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ያለብን ለዛ ነው።

ደርግ ንብረት ሲወርስ ብዙ የአርመን ቤተሰብ ወጣ፣ መዝሙሩም ተቀየረ። አሁን የቀሩት በጣም ጥቂት ናቸው፣ ፒያሳ አካባቢ ያለው የአርመን ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን ግን አለ፣ በዛ የሚያልፍ ሰው ጎራ ብሎ ቢያየው አይቆጭም።