የኤሊ ነጭ ሽንት ጠጠር ነው?

"ኤሊዬ ነጭ ነገር ሸናች፣ ጠጠር ይዟት ይሆን?" የሚለው ጥያቄ በዝቷል። ነጩ ነገር ዩሬት ይባላል፤ የየብስ ኤሊ የሰውነቷን ቆሻሻ የምታስወግድበት መንገድ ነው። በጣት ሲነካ እንደ ጥርስ ሳሙና ከለሰለሰ አትጨነቁ። እንደ አሸዋ ከሻከረ ግን ውሃ አንሷታል። ዩሬቱ ፊኛዋ ውስጥ እየደረቀ ሲከማች ነው ጠጠር የሚሆነው።

ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጉ፤ ከአገጯ እንዳያልፍ። 20 ደቂቃ ያህል ተዉአት። እዚያው ትጠጣለች፣ ትሸናለችም። ምግቧ ሳርና ቅጠል ይሁን፤ ሳር በል ለሆነች ኤሊ የውሻ ምግብ በፍጹም!

በስንት ቀኑ ውሃ ውስጥ ትግባ የሚለው እንደ ዝርያዋና እንደ አየሩ ይለያያል፤ ትንንሾቹ ግን ቶሎ ቶሎ ይፈልጋሉ። ስትሸና ካማጠች ወይም መብላት ካቆመች ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። አንዴ የጠጠረውን ውሃ አያሟሟውም።